ጥቅሉን የሚፈታው ማን ነው? የዶስ ዘመን ፋይሎችና የትዕዛዝ መስመር መሣሪያዎች

ቅጥያው የጠፋበት የቆየ ፋይል ከፍሎፒ ዲስክ ላይ ሲገኝ፣ ምንነቱን ለማወቅ ዶስ ራሱ ቀላል መንገድ አለው። “ታይፕ” የሚለውን ትዕዛዝ ጽፎ የፋይሉን ስም ማስከተል ይበቃል። ፋይሉ ዚፕ ከሆነ ከሁሉ ቀድመው ስክሪኑ ላይ የሚወጡት ፒ እና ኬ የሚባሉት ሁለቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት ናቸው፤ ቀጥለው ከመጫወቻ ካርታ የምናውቃቸው የልብና የዳይመንድ ምልክቶች ይመጣሉ። ኤአርጄ ከሆነ የግሪኩ ኦሜጋ ከመጀመሪያዎቹ ምልክቶች አንዱ ሆኖ ይታያል። ኤልኤችኤ ከሆነ በሁለት ሰረዞች መካከል የተቀመጠ “ኤልኤች5” የሚል ጽሑፍ መጀመሪያው ላይ ይነበባል። የአርክ ፋይል ግን ምንም አያሳይም። የመጀመሪያው ባይት ዶስ “ጽሑፉ እዚህ አለቀ” ብሎ የሚረዳው ምልክት ስለሆነ ታይፕ ገና ሳይጀምር ያቆማል።

እያንዳንዱ ምልክት የየራሱን መፍቻ ይጠይቃል። ከ1985 እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዶስ ተጠቃሚዎች መካከል ከማይበርዱት ክርክሮች አንዱ “የትኛው ፕሮግራም ይበልጥ አሳንሶ ያምቃል?” የሚል ነበር። መጽሔቶች ሰንጠረዥ እየሠሩ ያወዳድሩ ነበር፤ የጥቂት መቶኛ ልዩነት ለአንድ ፕሮግራም ትልቅ ዝና ያመጣለት ነበር። ዛሬ ያንን ሁሉ መለስ ብሎ ለሚያይ ሰው ግን ሚዛኑ ሌላ ነው። ከእነዚያ ጥቅሎች የትኞቹ አሁንም ያለ ችግር ይከፈታሉ ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልሱን የሚወስነው የማመቂያው ብልጫ ሳይሆን የመፍቻው መንገድ ለሁሉም ክፍት ሆኖ መተው አለመተዉ ነው።

ማመቁ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። 1.44 ሜጋባይት ይባል የነበረው ፍሎፒ ከተፎረመተ በኋላ የሚይዘው 1,457,664 ባይት ብቻ ነበር። በሴኮንድ 2,400 ቢት የሚያስተላልፍ ሞደም አንድ ሜጋባይት ለማውረድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ ስልኩ ደግሞ በደቂቃ ይቆጥራል። ስለዚህ ብዙ ፋይሎችን አንድ ላይ ጠቅልሎ፣ ድግግሞሻቸውን አውጥቶ ማሳነስ ገንዘብም ጊዜም ያድን ነበር።

ጠቅልሎ ማመቅን በአንድ ፕሮግራም አጣምሮ በዶስ ዓለም ያስለመደው አርክ ነው። አርክን በ1985 ያወጣው ሲስተም ኢንሃንስመንት አሶሴትስ የተባለ አነስተኛ የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ጸሐፊው ቶም ሄንደርሰን ነበር። ከእሱ በፊት መጠቅለያው ሌላ፣ ማመቂያው ሌላ ፕሮግራም ነበር። አርክ ብዙም ሳይቆይ በስልክ የሚደወልባቸው ቡለቲን ቦርዶች ሁሉ የጋራ ቋንቋ ሆነ።

በ1986 ደግሞ የዊስኮንሲን ግዛት፣ የሚልዋኪ ከተማ ነዋሪ የሆነው ፊል ካትዝ ብቅ አለ። መጀመሪያ ለሕዝብ የለቀቀው ማመቂያ ሳይሆን መፍቻ ነበር። የአርክ ጥቅሎችን የሚፈታው ይህ ፕሮግራም ዋና ዋና ክፍሎቹ በአሴምብሊ ቋንቋ ስለተጻፉ ከዋናው አርክ በግልጽ ይፈጥን ነበር። ማመቂያውን ሲጨምርበት የሄንደርሰን ኩባንያ በ1988 ከሰሰው። ክሱ ባዶ አልነበረም፤ ሁለቱን ኮዶች ያነጻጸረው ባለሙያ በማብራሪያ ጽሑፎቹ ውስጥ ያሉት የፊደል ስህተቶች ሳይቀሩ አንድ ዓይነት መሆናቸውን አግኝቷል። ጉዳዩ በዚያው ዓመት በስምምነት አለቀ፤ ካትዝም ገንዘብ ከፈለ። የቡለቲን ቦርድ ባለቤቶች ግን ሄንደርሰንን ትንሹን የሚጨቁን ትልቅ ድርጅት አድርገው ቆጠሩት፤ የእሱም ኩባንያ የቤተሰብ ያህል አነስተኛ እንደነበረ የተገነዘበ ጥቂት ነው። ዛሬ ታሪኩ በሰከነ ልብ ሲነበብ ሄንደርሰን የተበደለ ሰው እንደነበረ መናገር ተገቢ ነው።

ካትዝ በ1989 ዚፕን ይዞ ሲመጣ ግን ዘላቂ ውለታ ዋለ። የዚፕ ፋይል ውስጡ እንዴት እንደተደራጀ የሚያስረዳውን ሰነድ ከፕሮግራሙ ጋር አያይዞ ለሁሉም በነፃ ለቀቀ። ማንም ሰው ያንን አንብቦ የራሱን መፍቻ መጻፍ ይችላል። በ1990 የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች ኢንፎ-ዚፕ በሚል ስም ይህንኑ አደረጉ፤ “አንዚፕ” የተባለው ነፃ መፍቻቸው ዶስን ጨምሮ በዩኒክስና በሌሎች በርካታ ሥርዓቶች ላይ ይሠራል። በ1993 የወጣው የካትዝ ማመቂያ ፒኬዚፕ 2.04ጂ ደግሞ ዲፍሌት የተባለውን የማመቂያ ስልት አስፋፋ። ይህ ስልት በ1996 የኢንተርኔት መመዘኛ ሰነድ ሆኖ ታተመ። ካትዝ በ2000 በ37 ዓመቱ ሲሞት፣ ስልቱ ከዶስ አልፎ ዓለምን አዳርሶ ነበር።

አሁን ወደ ትዕዛዙ እንግባ። የካትዝ መፍቻ ፒኬአንዚፕ ይባላል። አጻጻፉ ቀላል ነው፦ የፕሮግራሙ ስም፣ ክፍት ቦታ፣ የጥቅሉ ስም፣ ከዚያ ፋይሎቹ የሚወርዱበት ቦታ። ሰረዝና ቪ ቢጨመርበት ሳይፈታ ዝርዝሩን ያሳያል፤ ሰረዝና ቲ ቢጨመርበት ምንም ሳይጽፍ የእያንዳንዱን ፋይል ጤንነት ይፈትሻል። ፍተሻው የሚሠራው ሲታመቅ የተመዘገበውን ባለ 32 ቢት የማረጋገጫ ቁጥር ሲፈታ ከሚወጣው ጋር በማስተያየት ነው። ቁጥሮቹ ካልገጠሙ ዲስኩ ላይ አንዲት ባይት ተበላሽታ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን በሰረዝና ዲ ላይ ነው። ፒኬአንዚፕ ካልተነገረው በቀር በጥቅሉ ውስጥ የተመዘገቡትን ዳይሬክተሪዎች አይፈጥርም፤ ያገኘውን ፋይል ሁሉ በአንድ ቦታ ያፈሰዋል። አንድ የፕሮግራም ጥቅል ውስጥ “ዶክ” እና “ሳምፕል” የሚባሉ ሁለት ዳይሬክተሪዎች አሉ እንበል፤ በሁለቱም ውስጥ ሪድሚ የሚባል የጽሑፍ ፋይል ይገኛል። ሰረዝና ዲ ከተረሳ የመጀመሪያው ሪድሚ ይወርዳል፤ ሁለተኛው ሲደርስ ፕሮግራሙ ቆሞ “በዚህ ስም ፋይል አለ፣ ልተካው?” ብሎ ይጠይቃል። ተጠቃሚው ለዚህ ፋይል እሺ፣ እምቢ፣ ለሁሉም እሺ ወይም በሌላ ስም ይቀመጥ ብሎ መመለስ ይችላል። የቸኮለ ሰው “ለሁሉም እሺ” ብሎ ያልፈዋል። በዚያች ቅጽበት የመጀመሪያው ሪድሚ ይጠፋል፤ ከጥቅሉ የወጣው ፕሮግራምም ሲከፈት መረጃውን “ሳምፕል” በሚባል ዳይሬክተሪ ውስጥ ይፈልግና ያጣዋል። ተጠቃሚው ጥቅሉ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል፤ ጥቅሉ ግን ደህና ነው።

ሌሎቹ ፕሮግራሞች ይህንን በፊደል ለይተውታል። በኤአርጄም፣ በኤልኤችኤም፣ በራርም ትዕዛዙ ያለ ሰረዝ የሚጻፍ አንድ ፊደል ነው፤ “ኢ” ከተባለ ዳይሬክተሪዎቹን ትቶ ይፈታል፣ “ኤክስ” ከተባለ ከነዳይሬክተሪያቸው ይፈታል። ሁለቱ ፊደላት ጎን ለጎን መቀመጣቸው ተጠቃሚው እንዲመርጥ ያስገድደዋል፤ በዚህ ረገድ አሠራራቸው ከፒኬአንዚፕ የተሻለ ነው። የሚገርመው የኢንፎ-ዚፕ ሰዎችም ይህንን አይተው ነባሪውን ገልብጠውታል፦ የእነሱ አንዚፕ ካልተከለከለ በቀር ዳይሬክተሪዎቹን ይፈጥራል። ስለዚህ የዚፕ ጥቅልን በዶስ ለመፍታት ዛሬ አንድ መሣሪያ ብቻ መያዝ ካለበት፣ መያዝ ያለበት አንዚፕ ነው።

ከአንድ ፍሎፒ በላይ የሆነ ጥቅል ሲመጣ የአሠራር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። የዚፕ ፋይል ማውጫው መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ በ5 ፍሎፒ ላይ የተዘረጋ ዚፕ ሲፈታ ፕሮግራሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው የመጨረሻውን ፍሎፒ ነው፤ ማውጫውን ካነበበ በኋላ ወደ 1ኛው ይመለሳል። ሥርዓቱን ያልለመደ ሰው 1ኛውን አስገብቶ ለምን እንደማይቀበለው ግራ ይገባዋል። ከዚህ የከፋው 5ኛው ፍሎፒ ሲበላሽ ነው፤ አራቱ ደህና ሆነው ማውጫ አልባ ይሆናሉ። ለዚህ ሲባል የካትዝ ኩባንያ ፒኬዌር ማውጫውን ከየፋይሉ ራስጌ አንብቦ መልሶ የሚገነባ የጥገና ፕሮግራም ጨምሮ ነበር፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካም።

ሮበርት ጁንግ በ1991 ያወጣው ኤአርጄ ሌላ መንገድ መረጠ። ጥቅሉን በየፍሎፒው ልክ ይቆርጠዋል፤ የመጀመሪያው ክፍል ኤአርጄ የሚል ቅጥያ ይይዛል፣ ተከታዮቹ ኤ01፣ ኤ02 እያሉ ይቀጥላሉ። ቁም ነገሩ እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ጥቅል መሆኑ ነው። 3ኛው ፍሎፒ ቢበላሽ በ1ኛው፣ በ2ኛውና በ4ኛው ላይ ያሉት ፋይሎች ለየብቻቸው ይወጣሉ፤ የሚጠፉት በ3ኛው ላይ የነበሩትና ግማሽ አካላቸው እዚያ የቀረው ብቻ ናቸው። ፍሎፒ በአቧራና በሙቀት በቀላሉ በሚበላሽበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ኤአርጄ በዚያን ጊዜ በብዙ አገሮች የተወደደው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በተለይ መጠባበቂያ ቅጂን በፍሎፒ ለሚይዝ ሰው ከዚፕ ይልቅ የሚታመን ነበር።

የጃፓኑ ኤልኤችኤ በሙያው ሐኪም የሆነው ሃሩያሱ ዮሺዛኪ የጻፈው ነው፤ በ1988 ኤልኤችአርክ ተብሎ ወጣ፣ ኋላ ስሙ አጠረ። ነፃ በመሆኑ የጌም አምራቾች ጭምር ወደዱት። በ1996 የወጣው ኩዌክ የተባለው ጌም በዶስ የሚጫነው በኤልኤችኤ ከታመቀ ጥቅል ነበር። የሩሲያው የቭጌኒ ሮሻል ራር ዘግይቶ በ1993 የመጣ ሲሆን፣ ማመቂያው ዛሬም የባለቤቱ ቢሆንም መፍቻው ከነኮዱ በነፃ ይገኛል። ያ ውሳኔ የራር ጥቅሎችን እስከ ዛሬ ተነባቢ አድርጓቸዋል። ሌሎችም ነበሩ፤ ዙ፣ ፓክ፣ ኤስ። ዛሬ የሚያጋጥሙት እምብዛም ነው።

የማይክሮሶፍት መሣሪያዎች ለብቻቸው መታየት አለባቸው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሳያውቃቸው ይጠቀምባቸው ነበር። ከ1991ዱ ኤምኤስ-ዶስ 5 ጀምሮ በመጫኛ ፍሎፒዎቹ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ፋይሎች የቅጥያቸው የመጨረሻ ፊደል በስር ሰረዝ ተተክቶ ይታያል። እነሱን የሚፈታው “ኤክስፓንድ” የተባለው ትዕዛዝ ነው። የተተካውን ፊደል ተጠቃሚው ራሱ አውቆ አዲሱን ስም እስከ ቅጥያው መጻፍ ነበረበት። ከሃርድ ዲስኩ ላይ አንድ የስርዓት ፋይል የጠፋበት ሰው ሙሉውን ዶስ እንደገና ከመጫን ይልቅ ያንን አንዱን ፋይል ብቻ በኤክስፓንድ አውጥቶ መተካት ይችል ነበር።

በዊንዶውስ 95 የካብ ጥቅሎች መጡ። የፍሎፒው ቅጂ 13 ዲስክ ነበር፤ ከ1ኛው በቀር ሌሎቹ ተጨማሪ ዘርፎች ተበጅተውላቸው 1.68 ሜጋባይት እንዲይዙ ተደርገው ስለተፎረመቱ በተለመደው የዶስ መቅጃ ትዕዛዝ በወጉ አይገለበጡም። ከዶስ ሆኖ እነዚህን የሚፈታው “ኤክስትራክት” ነው። የፋይሎቹ ሰንሰለት ከአንድ ካብ ወደ ሌላው ስለሚሻገር ዘንበል ካለው ሰረዝ ቀጥሎ ኤ የሚለው ፊደል ይጨመራል፤ ያን ጊዜ ፕሮግራሙ የሚፈለገው ፋይል የትኛው ካብ ውስጥ እንዳለ ራሱ እየተከተለ ይፈልጋል። ኤል የሚለው ደግሞ የሚወርድበትን ቦታ ይነግረዋል። አልነሳም ያለ ዊንዶውስን በዚህ መንገድ አንድ ፋይል ብቻ ተክቶ ማስነሳት በዚያ ዘመን የጥገና ባለሙያ የዕለት ተዕለት ሥራ ነበር።

የማመቅና የመፍታት ሥራ ከአዲስ አበባም ጋር እውነተኛ ግንኙነት አለው። የኢትዮጵያ ሕዝብ ኢንተርኔትን ያገኘው በ1997 ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ሥርዓት ኢሜይል የሚያለዋውጠው በፊዶኔት ስልት ነበር። መልእክቶች ተጠራቅመው በስልክ መስመር ለንደን ካለው ግሪንኔት ጋር ይለዋወጣሉ። ቶም ጄኒንግስ በ1984 የጀመረው ፊዶኔት መልእክቶችን አንድ በአንድ አይልክም፤ የቀኑን ጠቅልሎ፣ አምቆ፣ እንደ አንድ ፋይል ይልካል። የፋይሉ ቅጥያ የሚጀምረው የዕለቱ ስም በእንግሊዝኛ በሚጀምርባቸው ሁለት ፊደላት ነው፤ ለሰኞ ኤምኦ፣ ለማክሰኞ ቲዩ፣ ከዚያ አንድ ቁጥር ይከተላል። ቅጥያው ቀኑን እንጂ አማቂውን ስለማይናገር፣ የተቀባዩ ወገን ፕሮግራም የመጀመሪያዎቹን ባይቶች አይቶ አርክ ነው፣ ዚፕ ነው ወይስ ኤልኤችኤ ብሎ ይለይና ተገቢውን መፍቻ ይጠራል። የዓለም አቀፍ ስልክ ዋጋ እንደ እሳት በሚያቃጥልበት አገር የአንድን ደብዳቤ መጠን በግማሽ መቀነስ ማለት ኢሜይል መኖርና አለመኖር ማለት ነበር።

ይህን ሁሉ ያለ ሰው እጅ ማሠራት የሚቻለው በባች ፋይል ነው። በአንድ ዳይሬክተሪ ውስጥ ያሉ ዚፖችን ሁሉ ለመፍታት “ፎር” የሚለው የዶስ ትዕዛዝ ይበቃል፤ በባች ፋይል ውስጥ ግን የመቶኛ ምልክቱ ሁለት ጊዜ መጻፍ አለበት። መፍቻው ሲጨርስ የመውጫ ቁጥር ይተዋል፤ ዜሮ ከሆነ ሰላም ነው። “ኢፍ ኤረርሌቭል 1” ተብሎ ሲጠየቅ ዶስ “አዎ” ብሎ የሚመልሰው ቁጥሩ 1 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ነው፤ ስለዚህ አንድ ጥያቄ ሁሉንም ስህተት ይይዛል። ይህን ሳያረጋግጡ ዋናውን ዚፕ የሚሰርዙ ባች ፋይሎች ብዙ ሥራ አጥፍተዋል።

ስለ ደኅንነት ሁለት ነገር መነሳት አለበት። የመጀመሪያው የሐሰት ፕሮግራም ነው። በ1995 “ፒኬዚፕ 3.00” ነኝ የሚል ፋይል ተሰራጭቶ ነበር፤ እንዲህ ያለ እትም ፒኬዌር አላወጣም፣ ፋይሉም የሃርድ ዲስክን መረጃ የሚያጠፋ ነበር። ራሳቸውን የሚፈቱ ጥቅሎች የዚህ አደጋ ማደሪያ ናቸው፤ ለመፍታት ማስነሳት ያስፈልጋልና። መፍትሔው አለማስነሳት ነው፦ አንዚፕ ራሱን የሚፈታን የዚፕ ጥቅል እንደ ተራ ዚፕ ከፍቶ ያነባል። ይህ ለዛሬ ተጠቃሚም ይጠቅማል፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ የዶስ ፕሮግራሞችን ከቶ አያስነሳም። ሁለተኛው የይለፍ ቃል ነው። የጥንቱ የዚፕ መቆለፊያ ደካማ መሆኑን ኤሊ ቢሃምና ፖል ኮከር በ1994 አሳይተዋል፤ ከተቆለፈው ፋይል ውስጥ ጥቂት ባይት ይዘቱን የሚያውቅ ሰው ቁልፉን ሊያሰላው ይችላል። ምስጢር ያለው ሰው በእሱ መተማመን የለበትም።

ዛሬ ዶስን የሚያስነሳ ሰው በአብዛኛው የሚጠቀመው ጂም ሆል በ1994 የጀመረውን ፍሪዶስን ወይም በዘመናዊ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራውን ዶስቦክስን ነው። የፍሪዶስ ፓኬጆች ራሳቸው ዚፕ ፋይሎች ናቸው። የቆዩ ፍሎፒዎችን ለሚያድን ሰው ተገቢው ቅደም ተከተል ፍሎፒውን እንዳለ ወደ ምስል ፋይል መገልበጥ፣ ጥቅሉን ከዚያ ምስል አውጥቶ መፈተሽ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መፍታት ነው። የተፈታውን ይዞ ዋናውን ጥቅል መጣል አይገባም፤ ጥቅሉ ውስጥ የፋይሎቹ ቀንና ሰዓት እንዳለ ተጠብቆ ይገኛል።

አዲስ የተሠራ ዚፕ ወደ ዶስ ሲገባ ግን ሦስት ነገሮች ያስቸግራሉ። አንደኛ፣ ከ2.04ጂ በኋላ የመጡ የማመቂያ ስልቶችን የድሮው ፒኬአንዚፕ አያውቃቸውም፤ ፋይሉን ዘሎ ያልፋል። ሁለተኛ፣ ዶስ ለስም የሚፈቅደው 8 ፊደል፣ ለቅጥያ 3 ፊደል ነው፤ መጀመሪያቸው ተመሳሳይ የሆኑ ረጃጅም ስሞች ተቆርጠው አንድ ስም ይሆናሉ፣ አንዱም በሌላው ላይ ይጻፋል። ሦስተኛው የአማርኛ ተጠቃሚን በቀጥታ ይመለከታል። በዘመናዊ ዚፕ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ያለበት የፋይል ስም በዩኒኮድ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ዶስ ስሙን በባለ 256 ምልክት ሰንጠረዡ ሲያነበው ከአንዷ ፊደል ሦስት ባዕድ ምልክቶች ይወጣሉ፤ ስሙም በሦስተኛው ፊደል ላይ ይቆረጣል። የፋይሉ ይዘት አይነካም፤ ስሙ ግን አይመለስም። ስለዚህ ወደ ዶስ የሚሄድ ጥቅል ከመታመቁ በፊት ፋይሎቹን በላቲን ፊደል ከ8 ባልበለጠ ስም መሰየም፣ የአማርኛ ስሞቻቸውን ደግሞ በአንድ የጽሑፍ ዝርዝር ይዞ በዘመናዊው ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።